የአሮጌ ቤት እግር
በአዲስ አበባ ጥንታዊ ቤቶች ከወለል በታች ስላለው ባዶ ቦታና ስለ መሠረቱ አጠባበቅ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ፣ በዳግማዊ ምኒልክና ቀጥሎም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የተሠሩት የመኳንንትና የነጋዴዎች ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚደነቁት በሰገነታቸው፣ በተቀረጸ የእንጨት ጌጣቸውና በሰፊ በረንዳቸው ነው። የሕንድና የአርመን ግንበኞችና አናጢዎች ከአገሬው የጭቃና የእንጨት ሠራተኛ ጋራ ሆነው ያስገኙት ይህ አሠራር በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ተገቢውን ምስጋና አግኝቷል። ስለ ቤቱ እግር፣ ይኸውም ከጣውላው ወለል በታችና ከመሬቱ በላይ ስላለው ባዶ ቦታ የሚናገር ሰው ግን ጥቂት ነው። ቤቱ መበስበስ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ዘርዘር አድርጎ መግለጽ ያስፈልጋል።

የዚህ ዐይነት ቤት መሠረት በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው። የድንጋዩ ካብ ከመሬት ከፍ ይልና በላዩ ተሸካሚ እንጨቶች ይጋደማሉ፤ ጣውላው የሚመታው በእነርሱ ላይ ነው። በካቡ ዙሪያ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይተዋሉ። የማያውቅ ሰው እነዚህን ቀዳዳዎች የግንበኛው ስንፍና ወይም የአይጥ መግቢያ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ ነገር ግን በዕውቀት የተደረጉ ናቸው። መሬት ክረምት ከበጋ እርጥበት ይተነፍሳል፤ ነፋሱም በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ያንን እርጥበት ይዞት ይሄዳል። እንጨት በውስጡ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 20 እጅ በታች ሲሆን ሻጋታ አያበሰብሰውም። ነፋሱ ሲቋረጥ ግን ልኩ ከዚህ ያልፋል፤ እንጨቱ ይለሰልሳል፣ ነቀዝ ይገባበታል፣ ወለሉም ሲረገጥ መርገብገብ ይጀምራል። ከዚህ አስቀድሞ የሚመጣው ምልክት ሽታ ነው፤ የታፈነ ምድር ቤት ሽታ በሳሎን ውስጥ ከተሰማ ከወለሉ በታች ያለው ነፋስ ቆሟል ማለት ነው።

ቀዳዳዎቹ የሚደፈኑበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ከወጣ በኋላ፣ ለአንድ ቤተ ሰብ የተሠራው ትልቅ ቤት በብዙ ስፍራ ለብዙ አባወራ ተከፋፈለ። እያንዳንዱም በበኩሉ ማድ ቤት ቀጠለ፣ ማገዶውን በካቡ ጥግ ከመረ፣ ብርዱንና አይጡን ለመከላከል ያገኘውን ቀዳዳ በድንጋይና በጨርቅ ወተፈ። በዚህ ኗሪውን መውቀስ አይገባም፤ ከወለሉ በታች ያለው ስፍራ የጋራ ስለ ሆነ ማንም የእኔ ነው ሊለው አልቻለምና። ሁለተኛው ምክንያት የመሬቱ ከፍ ማለት ነው። መንገዱ በየጊዜው ጠጠርና አስፋልት ሲጨመርበት፣ ግቢውም በአመድና በፍርስራሽ ሲሞላ፣ ቀድሞ ከመሬት በላይ የነበረው ቀዳዳ ከመሬት በታች ይውላል፤ ያን ጊዜ የነፋስ መግቢያ መሆኑ ቀርቶ የጎርፍ መግቢያ ይሆናል። ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር በአሮጌ ቤቶች ግድግዳ እግር ቀዳዳ ያለው ጡብ ይገጠማል፤ በዚያም ባለቤቶች ብርድ ፈርተው ይደፍኑትና ወለላቸው ይበሰብስባቸዋል።

ከነፋሱ ቀጥሎ የሚታሰበው ውሃ ነው። በአዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊሜትር ዝናም ይጥላል፤ የሚበዛውም በክረምቱ ወራት ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ስለ ሆነ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ክዳን በዓመት 120,000 ሊትር ያህል ይቀበላል። አሸንዳው ከተበሳ ወይም በቅጠል ከተደፈነ ይህ ሁሉ የሚወርደው በካቡ ሥር ነው። የጥንቶቹ ሠራተኞች በረንዳውን ሰፊ ያደረጉት ለመቀመጫና ለማዕርግ ብቻ አልነበረም፤ ነጠብጣቡ ከግድግዳው ርቆ እንዲወድቅ ነው። በረንዳው ፈርሶ ክዳኑ ያጠረበት ቤት የካቡ ጭቃ ታጥቦ ድንጋዩ ብቻውን ቆሞ የሚታየው ስለዚህ ነው።

በከተማይቱ ብዙ ስፍራ የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው፣ ጉዳቱን ያብሰዋል። ይህ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውንም መሠረት በየዓመቱ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። መሠረቱ በሙሉ አንድነት ቢንቀሳቀስ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር፤ ክፋቱ አንዱ ማዕዘን ከተሰበረ ቧንቧ ውሃ ሲጠጣ ሌላው ማዕዘን በባሕር ዛፍ ሥር ሲመጠጥ ነው። በመስኮትና በበር ጥግ የሚታየው ሰያፍ ስንጥቅ የሚመጣው በብዛት ከዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ በልስን መሸፈን ምልክቱን ይሰውራል እንጂ ምክንያቱን አይነካም።

ስለ ሲሚንቶ የምለው ብዙ ሰው ደስ አያሰኝ ይሆናል። በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ ድንጋይ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በመጋጠሚያዎቹ በኩል ወደ ውጭ ያስወጣል። በላዩ ሲሚንቶ ሲለሰንበት መውጫው ይዘጋል፤ እርጥበቱም ሽቅብ ወጥቶ ጭቃውንና እንጨቱን ይደርሳል። ውጭው ያማረና የጠነከረ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ይሟሟል። የጎንደር ፋሲል ግቢ ለዚህ ምስክር ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ የተደረገው ጥገና ለሕንፃዎቹ የማይስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በኋላ በተደረገው እድሳት ወደ ኖራ መመለስ አስፈልጓል። ስለዚህ የካቡ መጋጠሚያ ጭቃው ሲያልቅ መሞላት ያለበት በጭቃ ወይም በኖራ ነው። ኖራ ከአየር ጋራ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ሥራው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢደረግና ፀሓይ ቶሎ እንዳያደርቀው በእርጥብ ጆንያ ቢሸፈን መልካም ነው።

የጥገናው ቅደም ተከተል እንግዲህ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። አሸንዳው ሳይጠገን ወለል መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። በካቡ ዙሪያ የተከመረው አፈር ቀዳዳዎቹ እስኪገለጡ ተጠርጎ፣ መሬቱ ከግድግዳው እየራቀ በአንድ ሜትር ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር እንዲያዘቀዝቅ ይደረጋል፤ ውሃውም በቦይ ይወሰዳል። ቦዩን በግድግዳው ሥር አስጠግቶ በጥልቀት መቆፈር ግን አደገኛ ነው፤ የእነዚህ ቤቶች መሠረት ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውምና ከእግሩ በታች የተቆፈረ ካብ ይናዳል። ቀዳዳዎቹ ከተከፈቱ በኋላ አይጥ እንዳይገባ የሽቦ ወንፊት ይበቃል። ከወለሉ በታች ያለው ማገዶና ፍርስራሽ ይወጣል። የተሸካሚው እንጨት ጫፍ ብቻ በስብሶ እንደ ሆነ ጫፉን ቆርጦ በደረቅ ጥድ መቀጠል እንጂ ሙሉውን መጣል አይገባም፤ አዲሱም ጫፍ በእርጥብ ድንጋይ መካከል ሳይታፈን ዙሪያውን አየር እንዲያገኝ ሆኖ ይቀመጣል። ጣውላውን አንሥቶ ባዶውን ቦታ በአርማታ መሙላት፣ ዛሬ እንደ ዘመናዊ ጥገና የሚቈጠረው፣ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የታፈነው የመሬት እርጥበት ወደ ግድግዳዎቹ ይሄዳልና።

በቅርስነት ለተያዘ ቤት በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ከጥገና በፊት ፈቃድ እንዲጠየቅ ደንግጓል። ይህ ሥርዓት ለሰገነቱና ለጌጡ ብቻ የተደረገ የሚመስላቸው አሉ፤ እግሩም የቤቱ አካል ነው። አንድ ቤት አርጅቷልና ይፍረስ ተብሎ ሲፈረድበት ፈራጆቹ የሚያዩት የዘመመውን ግድግዳና የሚረገበገበውን ወለል ነው፤ ማዝመሙ ከተደፈነ ቀዳዳና ከተበሳ አሸንዳ መጥቶ እንደ ሆነ ግን ጎንበስ ብሎ የሚመረምር የለም። የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል ቤት የከተማይቱ መቶኛ ዓመት በተከበረበት በ1979 ዓ.ም. ቤተ መዘክር ለመሆን በቅቷል። ሌሎቹ በዚያው ጊዜና በዚያው ዘዴ የተሠሩት እንዲህ ያለ ዕድል ያላገኙ ብዙዎች ናቸው።

ተመራማሪ ወደ እንዲህ ያለ ቤት ሲሄድ ከሰገነቱ ሥዕል ጋራ የካቡንም ሥዕል ቢያነሣ፣ የቀዳዳዎቹንም ስፍራ ቈጥሮ በፕላን ላይ ቢያሰፍር ይጠቅማል። የተደፈኑትን ለማግኘት ደግሞ ከሁሉ የሚሻሉት የቤቱ ነባር ኗሪዎች ናቸው፤ በልጅነታቸው ኳሳቸው የገባበትን ቀዳዳ የማያስታውሱ ጥቂቶች ናቸውና።