ኤንትሬ፣ ዓባይ በረሃና አሮጌ የመኪና መጽሔቶች

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን የምትገኘው ቡለን የባቡር ሐዲድ አይደርስባትም። ጨው፣ ስሚንቶ፣ ቆርቆሮና ማዳበሪያ ወደ ከተማዋ የሚገቡት፣ የአካባቢው ገበሬ ያመረተው እህልና የቅባት ሰብልም ወደ ገበያ የሚወጣው በጭነት መኪና ነው። ከአዲስ አበባ የተነሳ ጭነት ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል፤ ደብረ ማርቆስን፣ ቡሬንና እንጅባራን አልፎ እንደገና ወደ ቻግኒ ያቆለቁላል፤ ከዚያም ወደ መተከል ይዘልቃል። ይህ መንገድ ለአንድ የፊዚክስ መምህር እጅግ ሰፊ የሆነ ቤተ ሙከራ ነው።

በዚህና በመሰል መንገዶች ለዐሥርት ዓመታት የተመላለሱት አሮጌ ከባድ መኪናዎች ዛሬ እየጠፉ ነው። አብሯቸው የሚጠፋ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም የአሠራር መመሪያቸው፣ የመለዋወጫ ዝርዝራቸውና ስለ እነርሱ የተጻፉት መጽሔቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን እናነሳለን። ደካማ ሞተር የነበራቸው መኪናዎች ያን ዳገት እንዴት ወጡ፤ ይልቁንም ቁልቁለቱን እንዴት በሰላም ወረዱ? የእነርሱን ዘመን መጽሔት መሰብሰብስ ከትዝታ ያለፈ ምን ፋይዳ አለው?

ከትሬንታ ኳትሮ እስከ ኤንትሬ

እንደሚታወቀው ከባድ መኪና በብዛት ወደ አገራችን የገባው ከጣሊያን ወረራ ጋር ተያይዞ ነው። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1931 መመረት የጀመረው ፊያት 634 ሲሆን፣ በስሙ መጨረሻ ባሉት ሁለት አሃዞች ምክንያት «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ ይታወቃል፤ በጣሊያንኛ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ሞተሩ ከ8 ሊትር በላይ የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሲሆን፣ አቅሙ 75 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። በዚያው ዘመን የነበረው ላንቺያ ሮ ደግሞ፣ ከጀርመኑ ዩንከርስ በተገኘ ፈቃድ የተሠራ ባለ ሁለት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ነበረው፤ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስቶኖች ፊት ለፊት ይገናኙ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ፊያት 682 ተከተለ። ይህ መኪና ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ሞተር ይዞ በአህጉራችን እጅግ በመስፋፋቱ «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚል ቅጽል ተሰጥቶታል። ኤን 3 የተባለው ዓይነቱ በእኛ አገር «ኤንትሬ» በሚል ስም ከነተሳቢው የታወቀ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የመኪና ሥራ የለመደ ሰው ሁሉ ድምፁን ከሩቅ ይለየዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመተከልም እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የጣና በለስ ፕሮጀክት በጣሊያን ርዳታ የተካሄደ በመሆኑ፣ የጣሊያን ከባድ መኪና ለአካባቢው ነዋሪ እንግዳ አልነበረም።

የእነዚህ መኪናዎች ትልቁ ቅርስ ግን በአፋችን ላይ ይገኛል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ጋቢና፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ምንጫቸው ጣሊያንኛ ነው። ሊብሬ የሚለው ቃል «ትንሽ መጽሐፍ» ከሚለው የመጣ መሆኑን ልብ ይሏል። መኪና ያለ መጽሐፉ ሙሉ እንዳልሆነ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል።

ዳገቱ ምን ይጠይቃል?

ስሌታችንን ቀላል ለማድረግ ከነተሳቢውና ከነጭነቱ 30 ቶን የሚመዝን፣ 150 የፈረስ ጉልበት ወይም 110 ኪሎ ዋት አቅም ያለው አሮጌ መኪና እንውሰድ። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው መንገድ በግምት 20 ኪሎ ሜትር፣ የከፍታው ልዩነት ደግሞ ወደ 1,400 ሜትር ነው እንበል። ይህ በአማካይ 7 በመቶ ዳገት ይሆናል።

መኪናው የሚታገለው ከሁለት ነገሮች ጋር ነው። አንደኛው ስበት ነው። ሁለተኛው ጎማው በመንገዱ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ ሲሆን፣ በጥሩ አስፋልት ላይ ከክብደቱ 1 በመቶ ያህል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከክብደቱ 8 በመቶ፣ ማለትም ወደ 23,500 ኒውተን ይሆናሉ። ከሞተሩ አቅም 15 በመቶው በካምቢዮና በዲፈረንሻል ሰበቃ ይጠፋል ብንል፣ ጎማው ላይ የሚደርሰው 94 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። አቅምን ለጉልበት ስናካፍል ፍጥነቱን እናገኛለን፤ ውጤቱም በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ነው።

ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ቢሆን ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አካባቢው የሚሰጠውን አየር ብቻ በመሆኑ፣ በየ100 ሜትሩ ከፍታ 1 በመቶ ገደማ አቅሙን ያጣል። ስለዚህ መኪናችን ከድልድዩ ሲነሳ በሰዓት ወደ 13፣ ደጀን ሲቃረብ ደግሞ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሃያውን ኪሎ ሜትር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል። ባለ ተርቦና ባለ 400 የፈረስ ጉልበት የሆነ የዛሬ መኪና ያንኑ ጭነት በሰዓት ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ እየነዳ ይወጣዋል።

እዚህ ላይ ቡለንን ደግመን እናንሳ። በክረምት የሚረሰው የአፈርና የጠጠር መንገድ የጎማውን ተቃውሞ ከ1 በመቶ ወደ 5 በመቶ ሊያደርሰው ይችላል። ይህ ማለት ሜዳ የሚመስለው ጭቃ ለሞተሩ ተጨማሪ 4 በመቶ ዳገት ነው ማለት ነው። ሾፌሩ በሜዳ ላይ ማርሽ ሲቀንስ ያየ ተሳፋሪ ሊገረም አይገባውም።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይከብዳል

ዳገት ትዕግሥትን ሲፈትን ቁልቁለት ሕይወትን ይፈትናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስንወርድ የሚለቀቀውን እምቅ ኃይል እናስላ። 30,000 ኪሎ ግራምን በ9.8 እና በ1,400 ሜትር ስናባዛ ወደ 410 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 60 ሚሊዮን ያህሉን የጎማው ተቃውሞ ይወስደዋል። 350 ሚሊዮኑ ግን ይቀራል። ይህ ኃይል የትም አይጠፋም፤ ወይ ፍጥነት ይሆናል፣ ወይ ሙቀት። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ እያንዳንዳቸው 200 ሊትር ውኃ የያዙ ስድስት በርሜሎችን ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል።

መኪናውና ተሳቢው በድምሩ ስምንት የፍሬን ታምቡሮች አሏቸው፤ እያንዳንዱም 50 ኪሎ ግራም ብረት ነው እንበል። ሙቀቱ በሙሉ በእነዚህ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ወደ 1,900 ዲግሪ ይደርሱ ነበር። ብረት የሚቀልጠው ደግሞ በ1,538 ዲግሪ ነው። በእርግጥ ታምቡሩ ሙቀቱን ወደ አየር ስለሚያስተላልፍ እዚያ አይደርስም። ይሁን እንጂ አደጋው ከዚያ በፊት ይመጣል። 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ታምቡር በ300 ዲግሪ ሲሞቅ ስፋቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይጨምራል፤ የፍሬኑ ሸራም እርሱን ለመድረስ ይበልጥ መጓዝ ይኖርበታል። ሸራው ራሱ ሲግል የሰበቃ ችሎታው ይደክማል። በዚህ ጊዜ ሾፌሩ ፔዳሉን አጥብቆ ቢረግጥም መኪናው አይታዘዘውም። «ፍሬን እምቢ አለ» የምንለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

መፍትሔው ከሙቀቱ ጠቅላላ መጠን ላይ ሳይሆን ከሚፈጠርበት ፍጥነት ላይ ነው። ክብደቱም ከፍታውም ስለማይቀየሩ ጠቅላላው ኃይል ያው ነው። ነገር ግን በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር የሚወርድ መኪና በየሰከንዱ 70 ኪሎ ጁል ገደማ ማስወገድ ሲኖርበት፣ በ50 የሚወርደው ግን ወደ 245 ኪሎ ጁል ማስወገድ አለበት። የመጀመሪያውን መጠን በትንሽ ማርሽ የተያዘ ሞተር አብዛኛውን ሊሸከመው ይችላል፤ በተለይም የጭስ መውጫውን የሚዘጋ የሞተር ፍሬን ካለው ሞተሩ አየር መጭመቂያ ሆኖ ያግዛል። ሁለተኛውን ግን ፍሬኑ ብቻውን ይጋፈጠዋል። ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚለው የነባር ሾፌሮች ደንብ ፊዚክሱ ትክክል ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መውረድ ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው። አንደኛ፣ ከአደጋ የሚጠብቀውን ሞተር ከጎማው ይለያል። ሁለተኛ፣ የሚቆጠብ ነዳጅ የለም። በአሮጌው ናፍጣ ሞተር እንኳ፣ ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ፔዳል ላይ ሲነሳ የፖምፓው መቆጣጠሪያ ነዳጁን ይዘጋዋል። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ግድ ይለዋል።

መጽሔቶቹ ምን ይዘዋል?

ከላይ ባደረግነው ስሌት ውስጥ «እንበል» የሚለውን ቃል ደጋግመናል። የዚያን ዘመን መጽሔት የያዘ ሰው ግን ብዙውን «እንበል» በትክክለኛ አሃዝ ሊተካው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1905 በእንግሊዝ የተመሠረተው «ኮመርሻል ሞተር» ለዐሥርት ዓመታት ከባድ መኪናዎችን በመንገድ ላይ እየፈተነ፣ ዳገት ለመውጣት የወሰደባቸውን ጊዜ፣ የሚቆሙበትን ርቀትና የነዳጅ ፍጆታቸውን በሠንጠረዥ ሲያወጣ ኖሯል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 የጀመረው «ኦቨርድራይቭ» ደግሞ የሾፌሮችን ኑሮና መብት ዋነኛ ጉዳዩ አድርጓል። ፊያት ራሱ ሰነዶቹን የሚያኖርበትን የታሪክ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1963 በቱሪን ከፍቷል። እኛም በአውሮፓ ለዶክትሬት ትምህርት በነበርንበት ጊዜ፣ በእሑድ ገበያ በሳንቲም የሚሸጡ መሰል እትሞችን ሰብስበን ነበር፤ ዛሬ በመካኒክስ ትምህርት ለመልመጃ ጥያቄ እንጠቀምባቸዋለን። ተማሪ ከስበት ቀመር ይልቅ የእውነተኛ መኪና ሠንጠረዥ ይማርከዋል።

ጉዳዩ የመማሪያ ብቻ አይደለም። ከሻንሲው ላይ የክብደት መግለጫ ሰሌዳው የጠፋበት፣ ካሳው የረዘመለት፣ ፍሬኑ ምንነቱ ባልታወቀ ሸራ የተለወጠለት አሮጌ መኪና፣ ስንት ቶን ይዞ ቁልቁለት መውረድ እንደሚችል የሚናገርለት ወረቀት ብቻ ነው። ያ ወረቀት በኪሎ ተሸጦ የሱቅ መጠቅለያ ሲሆን የምናጣው የደኅንነት መረጃ ነው።

መሰብሰብ ለሚፈልጉ አንባቢዎቻችን ጥቂት ምክር እንስጥ። የማስታወቂያ ገጾችን አይጣሉ፤ የጎማ መጠን፣ ዋጋና የወኪሎች ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። የእትሙን ቁጥርና ዓመተ ምሕረት፣ ከየት እንደተገኘም በተለየ ወረቀት ይመዝግቡ። ርካሽ ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ምክንያት ይበላል፤ እንደ ግምታዊ ደንብ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር መበላሸቱ እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ስለዚህ እንደ ቡለን ባለ ሞቃትና በክረምት እርጥበት በሚበዛበት ቦታ መጽሔቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ከፀሐይና ከምስጥ ጠብቆ፣ አየር በሚያገኝ ደረቅ ሣጥን ማኖር ይገባል። የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉ፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሸዋል። አስቀድመው ግን እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶግራፍ ያንሱ።

ወደፊት የኤሌክትሪክ ከባድ መኪና ይህን መንገድ ሲመላለስ፣ በቁልቁለቱ ከሚለቀቀው 350 ሚሊዮን ጁል ከግማሽ በላዩን ወደ ባትሪው መመለስ ይችላል፤ ይህም ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። ቡለን ባለችበት በዚያው በመተከል ዞን፣ ጉባ ላይ የተገነባውና እ.ኤ.አ. በ2025 የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም የሚሠራው በዚሁ ቀመር ነው፤ ከከፍታ የሚወርድ ክብደት ኃይል ይሰጣል። አዲሱን መኪና ከአሮጌው ጋር ለማነጻጸር የሚነሳ ተመራማሪ ግን የአሮጌውን አሃዝ ከየት ያገኘዋል? በየጋራዡ መደርደሪያ፣ በጡረታ ባሉ ሾፌሮችና መካኒኮች ቤት ውስጥ የቀሩ መመሪያዎችና መጽሔቶች አሉ። ባለቤቶቻቸው ቢፈቅዱ አንባቢዎቻችን ቢያንስ ሠንጠረዦቹን ፎቶግራፍ አንስተው በአቅራቢያቸው ላለ ቤተ መጻሕፍት እንዲያስረክቡ እናሳስባለን።