እሳቱንም ባልዲውንም አይቶ መብላት

የእግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ሥራው ቁርጭምጭሚት ማሰርና ጡንቻ ማሸት ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የምግብ ባለሙያ የሚቀጥር ክለብ በአገራችን እምብዛም ስለሌለ ግን ከሜዳችን ውጪ ስንጓዝ ተጫዋቹ ምን በላ፣ የት በላ፣ መቼ በላ የሚለው ጭንቀት የወጌሻው ነው። እኔም ሆቴል ስንደርስ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወደ ማዕድ ቤቱ እሄዳለሁ። ምግቡ ስንት ሰዓት ላይ ተሠራ? ምን ላይ ተቀመጠ? ማን ነካው?

በሙያችን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ አንድ ሕግ አለ፤ ከሆቴል ውጪ ምንም ነገር አይቀመስም። በጨዋታው ዋዜማና በጨዋታው ቀን ይህን ሕግ አጥብቄ አስከብራለሁ። ተጫዋች ከጨዋታው ሦስት ወይም አራት ሰዓት አስቀድሞ ሩዝ ወይም ፓስታ፣ ቅባቱ ያነሰና ሆዱ የለመደውን ነገር መብላት አለበት። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ከነፋ በኋላ ግን የሕጉ ምክንያት ያበቃል። ለ90 ደቂቃ ሮጦ፣ በደንብ ተጫውቶ፣ በማግስቱ በአውሮፕላን የሚመለስ ወጣት ያደረበትን ከተማ ሳይቀምስ መመለስ የለበትም። ይህን አቋሜን ያጠነከረችልኝ ከተማ መቐለ ናት።

መጀመሪያ የጎዳና ላይ ምግብ ስለሚያሳድረው ፍርሃት ልናገር። ምግብን የሚያበላሹ ተህዋስያን በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ሰውን የሚያሳምመው ብዙውን ጊዜ ተሠርቶ ለሰዓታት የተቀመጠ ነገር ነው፤ ጣሪያ ያለው ቤትም ከዚህ አያድንም። አንድ ጊዜ፣ በሌላ ከተማ፣ ጥሩ ስም ባለው ሆቴል ውስጥ ጠዋት የተቀቀለ ሩዝ ለምሳ ጠበቀን። መንገድ ላይ ስለዘገየን ያረፈበት ጊዜ ረዘመ። ማታ ላይ ጥቂት ተጫዋቾች ማስታወክ ጀመሩ። ተቀቅሎ በክፍል ሙቀት የቆየ ሩዝ ውስጥ የሚፈጠረው መርዝ ደግሞ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም። ከፈላ ዘይት በዐይናችን ፊት የወጣች የምስር ሳምቡሳ ከዚያ ሩዝ እጅግ የተሻለች ናት። የጎዳና ላይ ምግብ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ማዕድ ቤቱ ግድግዳ ስለሌለው ሁሉም ነገር ይታያል።

መቐለ 70 እንደርታ ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለ በሁለተኛ ዓመቱ፣ በ2011፣ በአሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ ዋንጫ ሲያነሳ ከተማዋ በጨዋታ ቀን ምን ትመስል እንደነበር ያየ ሰው አይረሳውም። ወደ ትግራይ ስታዲየም የሚወስደው መንገድ ገና ከረፋዱ ጀምሮ ገበያ ይሆን ነበር። ቆሎ የምትሰፍር፣ ሕንባሻ በመሶብ ይዛ የተቀመጠች፣ በቆሎ በከሰል ላይ የምታገላብጥ፣ ቦንቦሊኖ ከዘይት የምታወጣ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ምዓም አናብስት የሚባለው የመቐለ 70 እንደርታ ደጋፊ ቆሎውን በኪሱ ይዞ ይገባ ነበር። እንግዳው ቡድን ደግሞ ይህን ሁሉ በአውቶቡስ መስኮት እያየ ያልፍ ነበር፤ እኔም ከጨዋታው በፊት መስኮቱን አስዘጋ ነበር።

ከጨዋታው በኋላ ግን ተጫዋቾቹን በትንሽ በትንሹ ከፍዬ ወደ ሮማናት አደባባይ ወይም ወደ ቀዳማይ ወያነ ገበያ እወስዳቸው ነበር። ሰኔ ማብቂያ ላይ ከሆነ የሚጠብቀን በለስ ነበር። የበለስ ተክል ወደ ትግራይ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአጋሜ በኩል፣ ከካቶሊክ ሚስዮናውያን ጋር እንደሆነ ይነገራል፤ ዛሬ ግን የክረምቱ ቀለብ ነው። ሻጯ ጫፍና ጫፉን ቆርጣ፣ አንዴ በቁመቱ ሰንጥቃ ልጣጩን ትገልጠዋለች፤ ገዢው እሾሁን ሳይነካ ፍሬውን ብቻ ያነሳል። የሊጋችን ጨዋታዎች ብዙ ውጥረት በነበረባቸው ዓመታት፣ የእንግዳ ቡድን ቱታ የለበሱ ልጆች ጋሪዋን ከበው ሲቆሙ አንዲት እናት ቀና ብለው አዩአቸው። ከልጆቹ አንዱ በሰማት ትግርኛ «አደይ፣ ክንደይ እዩ?» (እናቴ፣ ስንት ነው?) አላቸው። «መጀመርያ ብላዕ ወደይ» (መጀመሪያ ብላ ልጄ) አሉትና ላጥ ላጥ እያደረጉ ለሁሉም አደሉ። የበሉትን በልጣጩ ቆጥረው መጨረሻ ላይ ሒሳብ ተቀበሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ልጅ መቐለ ሲባል የሚያስታውሰው እሳቸውን ነው፤ እኔም አብሬው አስታውሳቸዋለሁ።

በበለስ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፍሬው በዘር የተሞላ ነው፣ ዘሩ አይፈጭም። አብዝቶ የበላ ሰው ሆዱ ይደርቃል፤ በክረምት በዚህ ምክንያት ሐኪም ቤት የሚደርሱ ልጆች አሉ። የአካባቢው ሰው ይህን ስለሚያውቅ ልክ አለው፤ እንግዳ ግን ጣዕሙን ብቻ ይከተላል። ሦስት አራት ፍሬ ይበቃል።

ጥሕሎ ደግሞ ቁጭ ተብሎ የሚበላ ነው። እንደ በሶ ተቆልቶ የተፈጨ የገብስ ዱቄት በውሃ ታሽቶ በትንንሹ ይድቦለቦላል፤ መካከል ላይ በበርበሬ የተሠራ የሥጋ ወጥ ይቀመጣል፤ በላተኛው ድቡልቡሉን ሹካ በመሰለ እንጨት ወግቶ ወጡ ውስጥ ነክሮ ይጎርሳል። ለደከመ ጡንቻ ከዚህ የተሻለ እራት ብዙ አላውቅም። ገብሱ ያለቀውን ጉልበት ቀስ ብሎ ይተካል፣ ሥጋው ለጡንቻ መጠገኛ ይሆናል። በአሰራሩም ዱቄቱ ደረቅ፣ ወጡ የሚፍለቀለቅ ስለሆነ ለጤና የሚያሰጋው ነገር ጥቂት ነው። ከጨዋታ በፊት ግን አላስበላም፤ ገብስ ከሆድ ቶሎ አይወርድም። የቁርስ ፉልም እንዲሁ ነው። መቐለ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላው ሌሊቱን ሙሉ እሳት ላይ የሚያድረው በዚህም ምክንያት ጭምር ነው። የሚያሳስበኝ ከላይ የሚነሰነሰው ጥሬ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ነው። «ጥሬውን ተዉልን» ብሎ ማዘዝ ነውር የለውም። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙ ተጫዋቾች ፉል ያለ እንቁላልና ያለ እርጎ፣ የምስር ሳምቡሳና ሽሮ ስላሉ መቐለ ማንንም አታስርብም። ጥሬ ሥጋን ግን በውድድር ዘመን ለማንም አልፈቅድም።

ከእግር ኳስ ተመልካች ይልቅ የመቐለን የጎዳና ምግብ የሚያውቀው የብስክሌት ተመልካች ነው። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ የትግራይ ልጅ ነው። የብስክሌት ውድድር ሲኖር ሕዝቡ ስታዲየም ውስጥ አይታጠርም፤ ረፋዱን ሙሉ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ተወዳዳሪዎቹ ዙሩን ጨርሰው እስኪመለሱ ቆሎ እየቆረጠመ፣ ሻይ እየጠጣ ይጠብቃል። ለአንዲት ሻጭ እንዲህ ያለ ረፋድ ከብዙ ተራ ቀናት ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ተጫዋቾቼን ሳስተምር «እሳቱንም እዩ፣ ባልዲውንም እዩ» እላቸዋለሁ። በመቐለ እሳቱ ብዙ ጊዜ አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ ባልዲው ነው። ቢላዋው የሚታጠብበት፣ እጅ የሚለቃለቅበት፣ ብርጭቆ የሚነከርበት አንዱ ባልዲ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይለወጥ ይውላል። ይህ የንጽሕና ጉድለት አይደለም። የመቐለ የውሃ እጥረት የቆየ ነው፤ ለከተማዋ የታሰበው የገረብ ግባ ግድብ ሥራም በትግራይ ጦርነት ተስተጓጉሎ ነበር። ብዙ ነዋሪ ውሃን በጀሪካን ይገዛል። ባልዲዋን የምትደፋ ሻጭ የምትደፋው ገንዘቧን ነው። ስለዚህ ከእሷ ጋር ሙግት አልገጥምም፤ ሁለት ባልዲ ያላትን፣ ወይም ብር የሚቀበልላት ልጅ አጠገቧ ያስቀመጠችውን እመርጣለሁ። ብር የነካ እጅ ምግብ አለመንካቱ ብቻውን ብዙ በሽታ ያስቀራል። በውሃ የሚቀጥን ጁስና በረዶ ግን አልፋለሁ።

ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ሲጀመር የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ወጡ። ወደ ሊጉ የተመለሱት በ2017 ነው። በመካከሉ ሊጉ ራሱ መልኩን ለውጦ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች በየተራ መካሄድ ጀምረው ነበር፤ የተመለሱት ክለቦችም የተጫወቱት በነዚያው አስተናጋጅ ከተሞች ነበር። ለቴሌቪዥን ሥርጭት የተመቸ አሰራር መሆኑን አልክድም። ግን ክለብ ወደ ሰው ቤት ሄዶ የሚጫወትበት፣ የሰው ምግብ የሚቀምስበት ልማድ ተቋረጠ። በስታዲየሙ መንገድ ላይ ቆሎ ትሰፍር የነበረችው ሴትም የጨዋታ ቀኗን አጣች። ይህን ከልቤ አዝንበታለሁ፤ የ20 ዓመት ተጫዋች ስለ መቐለ የሚያውቀው ከዜና የሰማውን ብቻ ሆኖ ሲቀር ለአገራችንም የሚበጅ አይደለም።

መቐለ እንደገና የሊግ ጨዋታ ስታስተናግድ ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማህበር ሜዳውን፣ መብራቱንና ሆቴሎቹን እንደሚገመግም አውቃለሁ። በግምገማው ዝርዝር ላይ አንድ ተራ ቁጥር ጨምሩ ብባል፣ በስታዲየሙ በሮች አጠገብ በጨዋታ ቀን የሚሞላ የውሃ ታንከር ከነቧንቧው ይቀመጥ እላለሁ። ታንከሩ ለሻጮቹ ነው፤ ቢላዋና እጅ ለመታጠቢያ፣ ያለ ክፍያ። ወጪው ከመግቢያ ትኬት ላይ ጥቂት ሳንቲም ተይዞ ሊሸፈን ይችላል። ታንከሩን የሚሞላው ቦቴ ከጨዋታው በፊት ጠዋት ላይ አንድ ጊዜ፣ በእረፍት ሰዓት ደግሞ አንድ ጊዜ ቢመጣ ይበቃል።