ግሬይሃውንድ፦ ጡረታ የወጣው ሯጭ ቤት ሲገባ

ውድድሩ ግማሽ ደቂቃ አካባቢ ነው የሚፈጀው። እንግሊዝ አገር ከሆነ ስድስት፣ አሜሪካና አውስትራሊያ ከሆነ ስምንት ውሾች ከጠባብ ሳጥኖች በር ጀርባ ይቆማሉ። በሐዲድ ላይ የሚበር ሰው ሠራሽ ጥንቸል በአጠገባቸው ሽው ሲል በሮቹ ይከፈታሉ። 480 ሜትር ያህሉን ዙር በ29 ወይም በ30 ሰከንድ ይጨርሱታል። የተወራረደው ሰው ይጨፍራል ወይም ቲኬቱን ቀዶ ይጥላል፤ ውሾቹም ጥንቸሏን ሳይዟት ወደ ማደሪያቸው ይመለሳሉ።

ግሬይሃውንድ መወዳደር የሚጀምረው ዓመት ተመንፈቅ ገደማ ሲሞላው ነው። አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሆነው፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በፊት እግሩ ሲሰበር ወይም ፍጥነቱ ሲቀንስ፣ ሥራው ያበቃል። ዕድሜው ግን 12 እና 13 ዓመት ይደርሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሯጭ ከሥራ በኋላ ሰባት ስምንት ዓመት የሚያበላውና የሚያሳክመው ሰው ያስፈልገዋል። የውድድሩ ኢንዱስትሪ ይህን ወጪ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሸሸው ውሾቹን በመግደል ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሸክም የወደቀው ውሾቹን ቤታቸው በሚያስገቡ ሰዎችና ሁለቱን በሚያገናኙ ማኅበራት ትከሻ ላይ ነው።

አሜሪካ የሚኖር አንባቢ ይህን ውሻ በሥዕል ያውቀዋል። በ1914 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሚኔሶታዋ ሂቢንግ ከተማ የተጀመረው የአውቶቡስ ድርጅት ስሙንም ዓርማውንም የወሰደው ከእሱ ነው፤ ስንቱ አዲስ መጤ ሐበሻ ከከተማ ከተማ የተጓዘው በዚያ አውቶቡስ ነው። ውሻው ደረቱ ጥልቅ፣ ወገቡ የጠበበ፣ እግሩ ረጅም፣ ጭንቅላቱ ከአንገቱ የቀጠነ ነው። ወንዱ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ስብ ግን የለውም ማለት ይቻላል። እንደ ብዙዎቹ አዳኝ ውሾች በማሽተት ሳይሆን በዓይኑ ነው የሚያድነው። ሲጋልብ በአንድ እርምጃ ውስጥ አራቱም እግሮቹ ሁለት ጊዜ መሬት ይለቃሉ፦ አንዴ ሰውነቱ ሲዘረጋ፣ አንዴ ሲታጠፍ። በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር የሚያደርሰው ይህ አረጋገጥ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ዓረቦቹ የሚኮሩበትን ሳሉኪን አይተው ከሆነ፣ ቁመናው ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ዛሬ የምናውቀው ውድድር የመጣው፣ እንደሚነገረው፣ ለጥንቸል ከማዘን ነው። ቀድሞ ሜዳ ላይ እውነተኛ ጥንቸል ተለቅቆ ሁለት ውሾች ያሳድዱት ነበር፤ መጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ መቦጫጨቅ ነው። ኦወን ፓትሪክ ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን ለመተካት በሐዲድ የሚሄድ ሰው ሠራሽ ጥንቸል ሠራና በ1919 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤመሪቪል ላይ የክብ ሩጫ ሜዳ ተከፈተ። በሐምሌ 1926 ማንቸስተር ውስጥ ቤል ቩ የተባለው ሜዳ ሥራ ጀመረ፤ ፈረስ ውድድር ለመሄድ ጊዜም ገንዘብም የሌለው ሠራተኛ ከፋብሪካ ሲወጣ ማታ ማታ ይጎርፍበት ጀመር። በ1929 እና በ1930 የእንግሊዝን ደርቢ ያሸነፈው ሚክ ዘ ሚለር የተባለው ውሻ እንደ ፊልም ተዋናይ የታወቀ ነበር፤ ቆዳው ተሞልቶ ትሪንግ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዛሬም ይታያል። የጥንቸሎቹ ነገር ግን በዚያ አላበቃም። በ2015 የአውስትራሊያው ኤቢሲ ቴሌቪዥን ፎር ኮርነርስ በተባለው ዝግጅቱ አሠልጣኞች በድብቅ ሕይወት ያላቸውን ጥንቸሎችና የአሳማ ግልገሎች ለልምምድ ማባበያ ሲያደርጉ በሥውር ካሜራ ቀርፆ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት የኒው ሳውዝ ዌልስ አስተዳዳሪ ማይክ ቤርድ ውድድሩን እንደሚያግድ አስታወቀ፤ ከሦስት ወር በኋላ ሐሳቡን ለወጠ።

የማደጎው ሥራ ምን ያህል ሊሳካ እንደሚችል ለማየት የቻይናዋን ማካውን ያህል ጥሩ ምሳሌ አላውቅም። የማካው ካኒድሮም በሕንፃዎች በታጨቀ ሰፈር መሐል በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ተዘግቶ በ1963 እንደገና ሥራ የጀመረ የውድድር ሜዳ ነው። ውሾቹ በብዛት የሚመጡት ከአውስትራሊያ ነበር። ከገቡ በኋላ መውጫ አልነበራቸውም፤ ማሸነፍ ያቆመ ውሻ ይገደላል እንጂ ለሰው አይሰጥም ነበር። የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች ለዓመታት ከጮኹ በኋላ፣ በ2013 የአውስትራሊያ ውድድር ባለሥልጣናት ወደዚያ ለሚላኩ ውሾች ፈቃድ መስጠት አቆሙ። በ2016 መንግሥት ድርጅቱን በሁለት ዓመት ውስጥ ቦታ እንዲለውጥ ወይም እንዲዘጋ አዘዘው። በሐምሌ 2018 ሜዳው ሲዘጋ ከ500 በላይ ውሾች ግቢው ውስጥ ነበሩ፤ ድርጅቱም ምንም መድረሻ አላዘጋጀላቸውም።

ማካው እንደምናውቃት በጠባብ ቦታ ላይ ፎቅ የተደራረበባት የቁማር ከተማ ናት። አምስት መቶ ትልልቅ ውሾች የሚቀበል ቤት ከየት ይመጣል? አኒማ የተባለው የአገሬው ማኅበርና መሪው አልባኖ ማርቲንስ ለመንግሥት ደብዳቤ ከመጻፍ አልፈው ለዓለም ማኅበራት ጥሪ አደረጉ። ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካ፣ ሆንግ ኮንግ መልስ ሰጡ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ሰዎች ፎቶ የማያነሡት ዓይነት ነው፦ ክትባት፣ ማምከን፣ ጥርስ ማጽዳት፣ የደም ምርመራ፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ ውሻ በልኩ የሚሠራ የጉዞ ሳጥን፣ የአውሮፕላን ጭነት ክፍያ፣ በወዲያኛው ጫፍ መኪና ይዞ የሚጠብቅ ሰው። ውሾቹ በተራ በተራ ወጡ፤ በ2019 ሥራው አለቀ። እኔን የሚገርመኝ ውሾቹን የወሰዱት ሰዎች ቸርነት አይደለም፤ ቸር ሰው ሁልጊዜ አለ። የሚገርመኝ ለአምስት መቶውም የሚሆን ቦታ እንደነበረ፣ ለዐሥርት ዓመታት የሞቱትም እንዲሁ ቦታ ሊገኝላቸው ይችል እንደነበር መታየቱ ነው።

በአሜሪካ ነገሩ የተለወጠው በድምፅ መስጫ ወረቀት ነው። በኅዳር 2018 የፍሎሪዳ ሕዝብ 69 በመቶ በሚሆን ድምፅ ውድድሩ እስከ 2020 መጨረሻ እንዲቆም ወሰነ። በወቅቱ በአገሪቱ ከቀሩት 17 ሜዳዎች 11ዱ ፍሎሪዳ ውስጥ ነበሩ። ብዙዎቹ ሜዳዎች ተመልካች ያጡ ቢሆኑም፣ ሕጉ ካርታ ቁማር ለማጫወት ውሻ ማሯሯጥን ግዴታ ስላደረገ ብቻ ባዶ ወንበር ፊት ያሯሩጡ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ የቀሩት ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያሉ ሁለት ሜዳዎች ናቸው። ኒውዚላንድ ደግሞ በታኅሣሥ 2024 ውድድሩ እስከ ሐምሌ 2026 እንደሚያበቃ አስታወቀች፤ ወደ 2,900 የሚሆኑ ውሾች ቤት ይፈለግላቸዋል ተባለ። በእንግሊዝ ውድድሩ አልቆመም፤ ከ2020 ወዲህ ግን ለእያንዳንዱ ውሻ የጡረታ ማስያዣ (ሲጀመር 400 ፓውንድ ነበር) ባለቤቱና የውድድሩ ቦርድ እኩል እየከፈሉ ያስቀምጣሉ፤ ውሻው ሥራ ሲያቆም ገንዘቡ ለሚቀበለው ማኅበር ይሰጣል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ አንድ የተሰበረ እግር ማሳከሚያ እንኳ አይሆንም።

በማኅበራቱ መካከል ያለውን ጠብ ሳልጠቅስ ባልፍ ትክክል አይሆንም። ገሚሶቹ ከአሠልጣኞች ጋር ተስማምተው ይሠራሉ፤ ካልተስማማን ውሻው አይሰጠንም ይላሉ። ሌሎቹ ይህ ኢንዱስትሪውን ከወጪው ማሳረፍ ነው ባይ ናቸው። በፍሎሪዳው ምርጫ ጊዜ እገዳውን የተቃወሙ የማደጎ ማኅበራት ነበሩ። ለእኔ ሁለተኛዎቹ ስለ ውድድሩ ልክ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ደግሞ ዛሬ ማታ ማደሪያ ስላጣው ውሻ ልክ ናቸው።

ወደ ቤት እንግባ። ግሬይሃውንድ ከቤት ውሻ የሚለየው ቤት ሳያውቅ ማደጉ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ደረጃ አልወጣም፤ የመስታወት በር አላየም፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲጮህ አልሰማም። መጀመሪያ ቀን ከደረጃው ሥር ቆሞ ይደርቃል፤ አንዱን እግር በእጅ እያነሡ አንድ በአንድ ማስተማር ያስፈልጋል። የመስታወት በር ላይ በዓይኑ ቁመት ወረቀት መለጠፍ ይበጃል፤ አለዚያ በሩጫ ሊገጨው ይችላል። አብዛኛውን ዕድሜውን ከራሱ ዘር ጋር ብቻ ስላሳለፈ ትንሽ ጸጉራም ውሻ ሲያይ ውሻ መሆኑን ላይለይ ይችላል። ብቻውን አድሮም አያውቅም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ለአምስት ደቂቃ፣ ቀጥሎ ለአሥር ደቂቃ እየተዉት ማልመድ ነው። ሲተኛ መንካት አይገባም፤ ማደሪያው ውስጥ የሚቀሰቅሰው ሰው ስላልነበረ ደንግጦ ሊነክስ ይችላል። በስሙ መጥራት ይበቃል። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ይህን ሕግ ልጆቹ ራሳቸው እስኪያውቁት መድገም አለበት።

ሰዎች በጣም የሚሳሳቱት ስለ ሩጫው ነው። ይህን የሚያህል ሯጭ ቀኑን ሙሉ መሮጥ ይፈልጋል ብለው ይሰጋሉ። እውነቱ ተቃራኒው ነው፦ በቀን 16 እና 18 ሰዓት ይተኛል፤ ጠዋትና ማታ ትንሽ ከተንሸራሸረ ይበቃዋል። እምብዛም አይጮህም፤ ስለዚህ ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ የግቢ ጠባቂ የለመደ ሰው ያዝናል፤ ሌባ ቢገባ ምናልባት ቦታ ለቅቆ ይተኛለታል። ከማሰሪያ ግን በአጥር ባልተከለለ ቦታ ፈጽሞ አይለቀቅም። ሽኮኮ ካየ በኋላ ጥሪ አይሰማም፤ መኪና መንገድ ለመድረስ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ተራ የአንገት ማሰሪያ በቀጭኑ ጭንቅላቱ ላይ ሾልኮ ይወጣል፤ ሰፊና ሲሳብ በመጠኑ የሚጠብቅ ዓይነት ይደረግለታል። ስብ ስለሌለው በክረምት ልብስ፣ ለመኝታውም ወፍራም ፍራሽ ያስፈልገዋል።

ሐኪሙም ዘሩን የሚያውቅ ይሁን። ከባርቢቹሬት ዘር የሆኑ ማደንዘዣዎች ከሰውነቱ ቶሎ አይወጡም። የታይሮይድ ሆርሞኑ በተፈጥሮው ከሌሎች ውሾች ዝቅ ያለ፣ ቀይ የደም ሴሉ ደግሞ ከፍ ያለ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሐኪም ጤነኛውን ውሻ መድኃኒት ሊያስጀምረው ይችላል። ብዙዎቹ ደማቸው ለሌሎች ውሾች የሚስማማ በመሆኑ የእንስሳት ደም ባንኮች ይፈልጓቸዋል። ውድድሩ ወደ ግራ ስለሚዞር የቀኝ የኋላ እግራቸው ቁርጭምጭሚት ላይ የቆየ ስብራት የሚገኝባቸው ብዙ ናቸው። ጥርሳቸው ቶሎ ይበላሻል፤ ሲያረጁም የአጥንት ካንሰር ይበዛባቸዋል።

ለሐበሻ ቤት አንድ ነገር ልጨምር። የወጥ ቤታችን መሠረት የሆነው ሽንኩርት፣ ነጩም ቀዩም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ከዶሮ ወጥ የወጣ የበሰለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይበሳል። እንግዳ በበዛበት በዓል ቀን ውሻውን ሌላ ክፍል ማሳረፍ፣ ለእንግዶቹም ጉርሻው እንዲቀርበት መንገር ነው።

ውሻ ቤት ማስገባት የማይችል ሰውም መርዳት ይችላል። ማኅበራቱ ከሁሉ በላይ የሚያጥራቸው ጊዜያዊ ማሳደሪያ ነው፤ ውሻው ቋሚ ቤት እስኪያገኝ ለጥቂት ሳምንት አሳድሮ ደረጃና መስታወት የሚያስለምድ ቤተሰብ። ሾፌር ይፈልጋሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማደሪያው ሄዶ የሚያንሸራሽር ይፈልጋሉ፤ አሮጌ ብርድ ልብስና ፎጣም ይቀበላሉ። አውሮፓ ላሉት ደግሞ የስፔኑ የቅርብ አምሳያ ጋልጎ አለ፤ የአደን ወቅት በጥር መጨረሻ አካባቢ ሲያበቃ በብዛት ይጣላል፤ የስፔን የ2023 የእንስሳት ሕግም አዳኝ ውሾችን አላካተተም። አሜሪካ ውስጥ ሜዳዎቹ ከተዘጉ ወዲህ ፈላጊው ከውሻው በልጦ ማኅበራቱ ከአየርላንድና ከአውስትራሊያ ያስመጣሉ፤ ወረፋውም ረዝሟል። ወረፋ የማይወዱ ከሆነ ስምንት ዓመት ያለፈውን፣ ወይም ድመት ባለበት ቤት መኖር የማይችለውን ይጠይቁ።

ማመልከቻውን ሲሞሉ እውነቱን ይጻፉ፦ ድመት ካለ፣ ሕፃን ካለ፣ ሁለት ሥራ የሚሠሩና ቤቱ ለአሥር ሰዓት ባዶ የሚውል ከሆነ። ከማኅበሩ ሊጎበኙዎ ቢመጡ አይከፋዎ፤ የሚያዩት የአጥሩን ቁመት ነው እንጂ የሶፋውን ዋጋ አይደለም። ነገሩ ካልሆነልዎ ውሻውን ለጎረቤት አይስጡ፤ በሚፈርሙት ውል መሠረት በማንኛውም ዕድሜና በማንኛውም ምክንያት የሚመለሰው ወደሰጠዎ ማኅበር ነው።