ውሃ የሚያዝ መሬትን በካርታ ስለ መፈለግ፤ ከድሬዳዋ የሚገኝ ትምህርት

የአገር ሀብት መሬት ነው፤ የመሬት ሕይወት ግን ውሃ ነው። ስለዚህ መሬትን እንዲያስተዳድር አደራ የተቀበለ ሹም ሁሉ፣ ባለ መሬትም የሆነ ሰው ሁሉ፣ በግዛቱ ውስጥ ውሃ ከየት እንደሚመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድና በየትኛው ስፍራ እንደሚያርፍ ሊያውቅ ይገባዋል። ረግረግና ጨፌ ለብዙ ሰው ከብት የሚሰምጥበት፣ ትንኝ የሚራባበት ከንቱ መሬት መስሎ ይታየዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው መሬት የክረምቱን ጎርፍ ተቀብሎ ያበርዳል፤ ደለሉን ያስቀራል፤ ውሃውን ወደ ታች አስርጎ ለምንጭና ለጉድጓድ ያቀብላል፤ በበጋም ለከብት ሣር ይሰጣል።

ጥር 25 ቀን 1963 ዓ.ም. በኢራን አገር በራምሳር ከተማ የተፈረመው የመንግሥታት ውል ውሃ አዘል መሬት የሚለው ረግረግን ብቻ አይደለም። ውሃው ዘወትር የሚኖርበትም ሆነ ለጊዜው ብቻ የሚታይበት፣ የቆመም ሆነ የሚፈስ፣ የተፈጥሮም ሆነ በሰው እጅ የተሠራ ስፍራ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ለጊዜው ብቻ የሚለውን ቃል ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ለድሬዳዋ አገር ቁልፉ እርሱ ነውና።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች፣ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ተብላ የተጠራች ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ነው። በደቡብ በኩል ከ2000 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ቆሞባታል፤ በሰሜን ሰፊ ቆላ ተዘርግቶላታል። በመካከሏ የሚያልፈው ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ወራት የደረቀ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፤ ገበያም ይቆምበታል። ነገር ግን ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. በደጋው የወረደው ዝናብ በሌሊት ደቻቱን ሞልቶ በመምጣቱ ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ በሺህ የሚቆጠሩትም ቤታቸው ፈረሰ። በቀን ደረቅ የሚባለው መሬት በሌሊት ወንዝ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ውሃ የሚያርፍበትን ስፍራ አስቀድሞ በካርታ መለየት የነፍስ ጉዳይ እንጂ የጽሕፈት ቤት ጌጥ አይደለም።

ዛሬ ሊቃውንት ይህን የሚሠሩት ልዩ ልዩ መረጃዎችን አንዱን በአንዱ ላይ በመደረብ ነው። መጀመሪያው የመሬት ከፍታ ነው። በየካቲት 1992 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የወጣ መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ የአብዛኛውን የብስ ከፍታ በራዳር ለክቷል፤ ከዚህም ልኬት 30 ሜትር በ30 ሜትር በሆነ ቁራጭ የተከፈለ ካርታ ተዘጋጅቷል። ሁለተኛው የሳተላይት ሥዕል ነው፤ ላንድሳት የሚባለው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሴንቲነል ሁለት የሚባለው ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ምድርን ያነሣሉ። ሦስተኛው የአፈር ዓይነት፣ አራተኛው የዝናብ መጠን ነው። ከከፍታው ካርታ የርጥበት መለኪያ የሚባል ቁጥር ይወጣል፤ ይህንንም ቤቨንና ኪርክቢ የሚባሉ ሊቃውንት በ1979 በፈረንጅ ቁጥር ጽፈውታል። ከአንድ ነጥብ በላይ ሆኖ ውሃውን ወደዚያ የሚልከው መሬት በሰፋ መጠን፣ የነጥቡም ተዳፋት በቀለለ መጠን ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ መረጃ ክብደት ተሰጥቶት ይደመራል፤ ድምሩ የበዛበት ስፍራ ውሃ ሊይዝ የሚችል ተብሎ ይቀለማል።

ይህ ዘዴ ሰፊ አገርን በጥቂት ወጪ ለማየት እጅግ የሚጠቅም ነው። ቢሆንም ገደቡን ሳያውቁ ካርታውን እንደ ፍርድ ወረቀት መያዝ ታላቅ ስሕተት ያመጣል።

አንደኛ፤ የመረጃዎቹ ስፋት አይተካከልም። በዓለም ላይ በብዙ የሚሠራበት የአፈር ካርታ አንዱ ቁራጭ 250 ሜትር በ250 ሜትር ነው፤ ይህም ከ6 ሄክታር ይበልጣል። በዚህ በአንዱ የአፈር ቁራጭ ውስጥ 69 ያህል የከፍታ ቁራጮች ይገባሉ። የዝናቡ ካርታ ቁራጭ ደግሞ በየአቅጣጫው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሊሆን ይችላል። እነዚህ ተደርበው የተሣለ ካርታ ለዓይን የጠራ ቢመስልም እውነቱ ከሁሉ ከሻከረው መረጃ አይሻልም። የአንድ ገበሬን ማሳ ከጎረቤቱ ማሳ ለመለየት ከቶ አይበቃም።

ሁለተኛ፤ የርጥበት መለኪያው የሚያውቀው የመሬቱን ቅርጽ ብቻ ነው። ስለዚህ የደቻቱ ደረቅ አሸዋና በጣና ዳር ያለው የፎገራ ሜዳ በቁጥር ሊቀራረቡ ይችላሉ። በፎገራ ውሃው በላይ ይተኛል፤ በድሬዳዋ ግን ወደ አሸዋው ሰርጎ በታች ይሄዳል። ከተማዪቱ የምትጠጣውም ይህን በጉድጓድ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ለጣና ዳር የተመዘነ ክብደት ለቆላው አገር አይስማማም።

ሦስተኛ፤ ሥዕሉ የተነሣበት ወራት ይወስናል። በበጋ የተነሣ ሥዕል ደረቅ መሬት ያሳያል፤ በክረምት ደግሞ ደመና ይጋርደዋል። ደመናን አልፎ የሚያይ ራዳር አለ፤ ነገር ግን ለስላሳ አሸዋና የረጋ ውሃ ሁለቱም በራዳር ጠቁረው ስለሚታዩ አሸዋውን ውሃ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል።

አራተኛ፤ ካርታው የሰውን ሥራ አያይም። ለዚህ አስረጂ የሐሮማያ ሐይቅ ነው። የመሬቱ ቅርጽ እንደ ገበታ ስለ ሆነ ካርታው ሁልጊዜ ውሃ ሊይዝ የሚችል ይለዋል። ነገር ግን ለጫትና ለአትክልት በሞተር የተሳበው ውሃ፣ ለሐረር ከተማ መጠጥ የተወሰደው፣ ከተራቆተውም ኮረብታ የወረደው ደለል ተባብረው በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሐይቁን አደረቁት፤ ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ ቆላ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ለማምጣት ተገደደች። ከዚያ ወዲህ ውሃው ተመልሶ ታይቷል። መሬቱ ሳይለወጥ ውሃው ሄደ፤ መሬቱ ሳይለወጥ ውሃው ተመለሰ። ስለዚህ ሊይዝ የሚችል ማለትና ይዟል ማለት የተለያዩ ናቸው።

እንግዲህ ሹሙ ምን ያድርግ? ካርታውን አይጣለው፤ ብቻውንም አይመነው። በካርታው የተቀለመውን ስፍራ በእግሩ ሄዶ፣ አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት ይመልከተው። ቄጠማና ፊላ መብቀሉን፣ አፈሩ ሲቆፈር መጥቆሩንና መርጠቡን ይመርምር። ካርታው ባዶ ያለውንም ስፍራ ጥቂት መርጦ ይጎብኝ፤ ስሕተት የሚሸሸገው በዚያ ነውና።

ከሁሉ በፊት ግን የአገሩን ሽማግሌዎችና እረኞች ይጠይቅ። የቦታ ስም ራሱ ምስክር ነው። በኦሮምኛ ለገ ማለት ወንዝ፣ መልካ ማለት የወንዝ መሻገሪያ፣ ሐሮ ማለት ሐይቅ ነው፤ በሶማልኛ ቢዮ ማለት ውሃ ነው። መልካ ጀብዱ፣ ቢዮ አዋሌ የሚባሉትን የድሬዳዋ ስፍራዎች ስም ያወጡ አባቶች ሳተላይት አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ከብቶቻቸውን የሚያጠጡበትን ያውቁ ነበር።

ደግሞም በካርታ ስሕተት የሚጎዳው ሁለት ዓይነት ሰው መሆኑን አንርሳ። ካርታው ደረቅ ነው ባለው የጎርፍ መንገድ ላይ ቤት እንዲሠራ የተፈቀደለት ሰው ነፍሱን ያጣል። ካርታው ረግረግ ነው ስላለ ብቻ ማሳውን እንዲለቅ የታዘዘ ገበሬ ደግሞ እንጀራውን ያጣል። ስለዚህ በጥርጣሬ ላለ ስፍራ በመዝገብ ላይ ያልተረጋገጠ ተብሎ ይጻፍ፤ ተመርምሮ እስኪረጋገጥም ድረስ ለቤት መሥሪያ አይሰጥ፤ ከሚያርሰውም ሰው አይነጠቅ።

ካርታ የሩቅ ዓይን ነው፤ ሽማግሌ የቅርብ ዓይን ነው። አገርን በሁለቱ ዓይን የሚያይ ሹም ውሃ በሌሊት ሲመጣ ሕዝቡን ከመንገዱ አስቀድሞ ያነሣል፤ ውሃ በበጋ ሲታጣም የተሸሸገበትን ያውቃል።