የደርስና የዳዕዋ ቪዲዮ ለዲቪዲና ለስልክ ስናዘጋጅ፦ ዋናውን ቅጂ እንጠብቅ



በደሴና በኮምቦልቻ ደርስ፣ ኒካህ ወይም የመድረሳ ምርቃት ሲቀረጽ ሥራው ሁለት ዓይነት ተመልካች ይጠብቀዋል። አንደኞቹ ቤታቸው ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ማጫወቻ ያላቸው አባቶችና እናቶች ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ በቴሌግራምና በዩቲዩብ የሚከታተሉ ወጣቶች፣ ዐረብ አገር ያሉ እህትና ወንድሞቻችንም ጭምር ናቸው። «ዛሬ ዲቪዲ ማን ያያል?» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ትምህርትን ከቤት ወደ ቤት ማድረስ የሚቻለው በዲስክ፣ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ እንደነበር አንርሳ። ስለዚህ ሁለቱንም ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

እኛም ጀማሪ ሳለን የሠራነው ስህተት አለ። የሁለት ሰዓት ደርስ ለቴሌግራም አሳንሰን ከላክን በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ቦታ ለማግኘት ብለን ዋናውን ሰረዝነው። ቆይቶ ዲቪዲ ሲጠየቅ ያንኑ የስልክ ፋይል ወደ ዲቪዲ ለወጥነው። ቴሌቪዥን ላይ ሲከፈት የሸኹ ፊት ቀጥኖና ረዝሞ ታየ። ከሥር የተጻፈው የቁርኣን አንቀጽም ፈትሓውና ደማው ተደበላልቆ አይለይም፤ የመጨረሻው ቃል ደግሞ በስክሪኑ ጠርዝ ተቆርጧል። የሐረካ ስህተት ትርጉም እንደሚለውጥ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ለምን ጥራቱ ይጠፋል?

ሬንደር ስናደርግ ሶፍትዌሩ ፋይሉን የሚያሳንሰው ዓይን ብዙም አያስተውለውም ብሎ የገመተውን ዝርዝር በመጣል ነው። ያንን ፋይል እንደገና ሬንደር ስናደርግ ከተረፈው ላይ ደግሞ ይጥላል። አንዴ የተጣለው፣ ቢትሬቱን የፈለግነውን ያህል ከፍ ብናደርገው አይመለስም። መጀመሪያ የሚጎዱት ደግሞ ትንንሽና ቀጫጭን ነገሮች ናቸው፤ ሐረካም ከነዚህ ነው።

ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ደረሳ ኪታብ ሲገለብጥ ከዋናው ጋር ያስተያያል፤ ሙቃበላ የሚባለው ይኸው ነው። ከቅጂ ቅጂ፣ ከዚያም ቅጂ እየተገለበጠ ሲሄድ ስህተቱ ይበዛልና። ቪዲዮም እንደዚያው ነው፤ የዲቪዲውም የስልኩም ፋይል በየራሱ ከዋናው ይውጣ፤ አንዱን ከሌላው አናውጣ።

ዋናው ቅጂ

ኤዲቲንግ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣው ዋናው ቅጂ ነው። የተቀረጸበት የምስል መጠንና የፍሬም ቁጥር አይቀየርም። በ1920 በ1080 ለተቀረጸ ሥራ ቢትሬቱን 40 ሜጋቢት በሰከንድ ገደማ ብናደርገው አንድ ሰዓት 18 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ብዙ ነው፤ ግን በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ቤት መቀመጥ አለበት። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የደረሰውን ዘረፋ ያየን ሰዎች አንድ ቦታ የተቀመጠ ንብረት ምን ሊሆን እንደሚችል እናውቃለን። የአንድ ሸኽ ድምፅ ከሞቱ በኋላ ተመልሶ አይቀረጽም።

ስልክ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 30 ፍሬም ይቀርጻል፤ የአገራችን የዲቪዲ ሥርዓት ፓል ግን 25 ነው። ካሜራው ከፈቀደ ከመጀመሪያው በ25 መቅረጽ ይሻላል። አለበለዚያ ሲቀየር እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል።

ለዲቪዲ

የዲቪዲ ቪዲዮ ኤምፔግ 2 ነው፤ መጠኑ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። ቢትሬቱ ከ9.8 ሜጋቢት ማለፍ አይችልም፤ ለአሮጌ ማጫወቻዎች ግን ከ8 ባናልፍ ይመረጣል። ተራው ዲስክ 4.7 ጊጋባይት ስለሚይዝ ቢትሬቱን የሚወስነው የሥራው ርዝመት ነው፦

- እስከ 1 ሰዓት፦ 8 ሜጋቢት
- እስከ 1 ሰዓት ተኩል፦ 6 ሜጋቢት
- እስከ 2 ሰዓት፦ 4.5 ሜጋቢት

ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ዲስክ ላይ ከማጨናነቅ ለሁለት መክፈል ይሻላል። ድምፁ ዶልቢ ኤሲ3፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ ከ192 እስከ 256 ኪሎቢት ይሁን።

ሦስት ነገሮች ደግሞ አይዘንጉ። አንደኛ፣ ሰፊ ምስል ከሆነ 16 በ9 የሚለውን እንምረጥ፤ የሸኹን ፊት ያቀጠነው 4 በ3 ተብሎ መውጣቱ ነበር። ሁለተኛ፣ ቴሌቪዥን የምስሉን ጠርዝ ስለሚቆርጥ ማንኛውም ጽሑፍ፣ በተለይ የቁርኣን አንቀጽ፣ ከአራቱም ጠርዝ 10 በመቶ ወደ ውስጥ ይግባ። ሦስተኛ፣ ኤምፒ4 ፋይልን እንዲሁ ዲስክ ላይ መጫን ዲቪዲ ቪዲዮ አያደርገውም፤ ብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች አይከፍቱትም። በዲቪዲ መሥሪያ ሶፍትዌር ተዘጋጅቶ መቃጠል አለበት።

ለስልክና ለኢንተርኔት

እዚህ ኤምፒ4 ፋይል፣ ቪዲዮው ኤች 264፣ ድምፁ ኤኤሲ ይሁን። ዩቲዩብ የተቀበለውን ራሱ እንደገና ስለሚያሳንሰው ጥሩ ነገር እንስጠው፤ ለ1080 ምስል 8 ሜጋቢት፣ ለ720 ደግሞ 5 ሜጋቢት ይበቃል።

ለቴሌግራም ግን የአድማጩን ዳታ እናስብ። አንድ ሰው ተቀምጦ የሚያስተምርበት ምስል ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ 1280 በ720 በ1.5 ሜጋቢት በደንብ ይታያል። አንድ ሰዓቱ ከነድምፁ 720 ሜጋባይት ገደማ ነው። 854 በ480 በ700 ኪሎቢት ከሆነ 360 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል፤ ግን አንቀጽ የሚጻፍበት ከሆነ ፊደሉን እናተልቅ። ለብዙው አድማጭ ደግሞ ድምፁ ብቻ ይበቃዋል፤ በ64 ኪሎቢት ሞኖ አንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ነው። ሦስቱንም ጎን ለጎን መለጠፍ ለአቅመ ደካማው መድረስ ነው።

ቴሌግራም በአንድ ጊዜ እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። በስልክ ስንልክ «ቪዲዮ» ብለን ሳይሆን «ፋይል» ብለን እንላከው፤ አለበለዚያ መተግበሪያው ደግሞ ያሳንሰዋል። በነፃ የሚገኘውን ሃንድብሬክ የምንጠቀም ከሆነ «ዌብ ኦፕቲማይዝድ» የሚለውን ምልክት እናድርግበት፤ ቪዲዮው ወርዶ ሳያልቅ መከፈት እንዲችል ያደርገዋል። በአሮጌ ካሜራ የተቀረጹ ሥራዎች ስልክ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ መስመር ካሳዩ ኢንተርሌስ ናቸው ማለት ነው፤ «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን እንክፈት።

ድምፁ ይቀድማል

ምስሉ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ ድምፁ ከተበላሸ ግን ይዘጋዋል። የመንዙማ ድቤ ሲመታ የድምፅ መለኪያው ቀዩን እንዳይነካ ገና ሲቀረጽ ዝቅ እናድርገው፤ በቀረጻ የተሰነጠቀ ድምፅ በሬንደር አይታከምም። ለንግግር ቪዲዮ 96 ኪሎቢት ሲበቃ፣ ለመንዙማ 192 እንስጠው።

ሁሉንም ሬንደር ከማድረጋችን በፊት አንቀጽ ያለበትንና ድምፅ የሚበዛበትን አንድ ደቂቃ ቆርጠን እንሞክር። ዲቪዲውን በአሮጌ ቴሌቪዥን፣ ኤምፒ4ቱን በርካሽ ስልክ እንየው። ሐረካው ከተነበበና ንግግሩ ከጠራ እንቀጥል።

የዑለሞቻችን ትምህርት በእጃችን ያለ አማና ነው። አላህ በአግባቡ ከሚያደርሱት ያድርገን። አሚን።