ከድል በኋላ የሚመጣ ስንብት

ምናባዊ ፊልም፣ ማለትም በእውኑ ዓለም የሌሉ ፍጥረታትና አስማታዊ ኃይሎች የሚንቀሳቀሱበት የፊልም ዘርፍ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው ክፉው ወገን ተደምስሶ ጀግናው ሲሸለም ነው። ፒተር ጃክሰን በኒው ዚላንድ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2003 ለዕይታ ያበቃው «የንጉሡ መመለስ» ይህን ልማድ ጥቂት ተከትሎ ይተወዋል፤ ክፉው ቀለበት በእሳተ ገሞራ ውስጥ ከቀለጠ፣ ንጉሡ ዘውድ ከጫነና ሕዝቡም ለአራት ድንክዬ ጀግኖች ከተንበረከከ በኋላ ታሪኩ ወደ አንድ ወደብ ያመራና ዓለምን ያዳነው ሰው ወዳጆቹን ተሰናብቶ፣ ላይመለስ በመርከብ ሲሄድ ያሳያል።

ታሪኩ የተወሰደው እንግሊዛዊው ጄ. አር. አር. ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ካሳተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» ከተባለው ልብ ወለድ ነው። በልብ ወለዱ ሆቢት የሚባሉት ፍጥረታት ቁመታቸው የሰው ግማሽ የሚያህል፣ እርሻና ማዕድ የሚወዱ፣ ሻየር ከተባለው ቀዬአቸው መራቅ የማይፈልጉ ሰላማውያን ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ፍሮዶ የያዘውን ሁሉ የሚያበላሸውን ቀለበት ተሸክሞ ሊያጠፋው ይዘምታል፤ አትክልተኛው ሳምም እስከ መጨረሻው አይለየውም። ፍሮዶ በመንገድ ላይ ትከሻውን በጠላት ጩቤ ይወጋል፤ ቁስሉ ድኗል ከተባለ በኋላም በተወጋበት ዕለት በየዓመቱ ያገረሽበታል፤ ደራሲው ዕለቱን ኦክቶበር 6 ብሎ እስከ መመዝገብ ደርሷል። ስለዚህ የመጨረሻው ስንብት ድንገት የተጨመረ ኀዘን ሳይሆን ታሪኩ ገና ሳይጋመስ የተዘራ ነገር ነው፤ ፍሮዶ ሻየርን ያዳነው ለሌሎች እንጂ ለራሱ አልነበረም።

ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1916 በፈረንሳይ ምድር በተካሄደው የሶም ውጊያ ተሰልፎ የነበረ ሲሆን፣ በዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከቅርብ ጓደኞቹ አንዱ ብቻ ሲቀር ሌሎቹ አልቀውበታል። ደራሲው ድርሰቱ የማንኛውም ጦርነት ምሳሌ ተደርጎ እንዲነበብ ባይወድም፣ ከዘመቻ የተመለሰ ሰው በቀዬው እንግዳ መሆኑን ሲጽፍ ከመጽሐፍ የተማረውን ብቻ እንዳልጻፈ መገመት ይቻላል። ፊልሙም ይህንኑ ያለ ንግግር ያሳየበት ግሩም ትዕይንት አለው፤ ፍሮዶ፣ ሳምና አብረዋቸው የዘመቱት ሁለት ሆቢቶች ከዘመቻ ተመልሰው በመጠጥ ቤት ተቀምጠው ሳለ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው አንድ ትልቅ ዱባ ነው፣ የት ከርማችሁ መጣችሁ የሚላቸውም የለም።

በመጽሐፉና በፊልሙ መካከል ያለው ልዩነት የሚጎላው እዚህ ላይ ነው። በመጽሐፉ ሆቢቶቹ ሲመለሱ ሻየር በክፉዎች እጅ ወድቃ፣ ዛፎቿ ተቆርጠው ያገኟትና ተዋግተው ያስለቅቋታል፤ ፊልሙ ግን ይህን ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ትቶ ቀዬው እንደ ነበረ እንዲቆያቸው አድርጓል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በሚያልፍ ፊልም ላይ ሌላ ጦርነት ማከል ተመልካችን ማሠቃየት ይሆን ነበር። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ የመጽሐፉ ፍሮዶ በዚያ ውጊያ ሰይፍ አልመዝም በማለቱና ክብሩም ለጓደኞቹ በመሆኑ ከኅብረተሰቡ ቀስ በቀስ ሲለይ ይታያል፣ የፊልሙ ፍሮዶ ግን ድንገት የሚሄድ ይመስላል። በወደቡም እንዲሁ ነው። በመጽሐፉ ሳም የሚመጣውን መለየት አስቀድሞ በመንገድ ላይ ሲረዳ፣ በፊልሙ ሦስቱም ጓደኞች ፍሮዶ እንደሚሄድ የሚያውቁት መርከቡ አጠገብ ቆመው ነው። የፊልሙ ምርጫ እንባን በቶሎ ያመጣል፤ የመጽሐፉ ግን እያወቁ አብሮ መሸኘትን ስለሚያሳይ ይበልጣል።

የድሬዳዋ ተመልካች ይህን የወደብ ስንብት ሲያይ፣ የሚሸኝበት ወደብ ባይኖረውም ሐዲድ አለው። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐረርን ከተራራው በላይ ትቶ በቆላው በኩል በመድረሱ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ ገና ከጅምሩ የመጪና የሂያጅ ከተማ ናት፤ ወደ ባሕር የሚወርደው መንገደኛ በዚህ ሲያልፍ ሸኚው ከጣቢያው ወደ ከዚራ ሰፈር ወይም የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ወደ መጋላ ሰፈር ይመለስ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ሊገባ ሲል በዚሁ ሐዲድ ጅቡቲ ወርደው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሰደዋል። ያ ስንብት ከሽንፈት የመጣ ቢሆንም ከአምስት ዓመት በኋላ መመለስ ነበረው፤ የፍሮዶ ግን ከድል መጥቶ መመለስ የለውም፣ መራራነቱም ከዚህ ይመነጫል። ሰብለ ወንጌል ፍቅረኛዋን በዛብህን ሊሞት ሲል ያገኘችበትን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ላነበበ የአማርኛ አንባቢ ደግሞ ደስታና ኀዘን የተቀላቀሉበት ፍጻሜ እንግዳ አይሆንም።

ስለ ወደቡ ስንብት ቀረጻ የሚነገረው ታሪክ በትዕይንቱ ላለቀሱ ሁሉ ፈገግታ የሚያጭር ነው። ተዋንያኑ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅሱ ከዋሉ በኋላ፣ ሳምን የሚጫወተው ሾን አስቲን ከምሳ ሲመለስ ሰደርያውን ሳይለብስ እንደተቀረጸ ታወቀና ትዕይንቱ እንደገና ተሠራ፤ ሁለተኛው ቀረጻም ምስሉ የደበዘዘ ሆኖ በመገኘቱ ለሦስተኛ ጊዜ ተለቀሰ። ፊልሙ በእጩነት የቀረበባቸውን 11 የኦስካር ሽልማቶች በሙሉ ያሸነፈ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ አኒ ሌኖክስ በመጨረሻው የስም ዝርዝር ላይ ለምትዘፍነው የስንብት መዝሙር የተሰጠ ነው፤ መዝሙሩን ለመጻፍ ያነሣሣው ካሜሮን ደንከን የተባለ፣ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በካንሰር ያረፈ የኒው ዚላንድ ወጣት የፊልም ሠሪ ሕይወት ነበር።

ፊልሙ አበቃ ሲባል እንደገና እየጀመረ ፍጻሜው በዝቷል የሚለው ወቀሳ ብዙዎች የሚስማሙበት ነው፤ በተለይ ፍሮዶ ከአልጋው ሲነሣ ጓደኞቹ እየተሳሳቁ የሚገቡበት ትዕይንት ቢያጥር የሚጎድል ነገር አልነበረም። የወደቡ ስንብት ግን በዚህ ወቀሳ ውስጥ መካተት የለበትም። ጃክሰን ፊልሙን የዘጋው በሚርቀው መርከብ ሳይሆን ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ በተመለሰው በሳም በር ላይ ነውና፣ የመጨረሻውን ቃል ለሄደው ሳይሆን ለቀረው በመስጠቱ ከደራሲው ጋር ተስማምቷል። በፊልሙ ብቻ የረካ ተመልካች ከሦስተኛው ቅጽ ጀርባ ያሉትን ተጨማሪ ገጾች ቢያነብ ይጠቅመዋል፤ በዚያ እንደተተረከው ሳም ሚስቱ ካረፈች በኋላ፣ እርሱም ቀለበቱን ለጥቂት ጊዜ ተሸክሞ ስለነበር፣ በስተርጅናው ወደዚያው ወደብ ወርዶ ባሕሩን ተሻግሯል።