የቤት ኮምፒውተርን ለሙዚቃ ሥራ ማሰናዳት

ሙዚቃ ለመቅዳት፣ ለማቀናበርና ለማደባለቅ የሚያገለግለው የኮምፒውተር ሶፍትዌር በባለሙያዎች ዘንድ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ዳው» እየተባለ የሚጠራ ሲሆን፣ ቀድሞ በአንድ ስቱዲዮ ውስጥ ለየብቻቸው ይቆሙ የነበሩትን የቴፕ መቅጃ፣ ሚክሰር፣ የገደል ማሚቶ መፍጠሪያና የድምፅ ማጣሪያ መሣሪያዎች በአንድ ስክሪን ላይ የሰበሰበ ነው። የዚህ ሶፍትዌር መሠረት «ትራክ» ነው። ትራክ ለአንድ ድምፅ ብቻ የተለየ መስመር እንደመሆኑ፣ ክራሩ በአንዱ፣ ከበሮው በሌላው፣ ድምፃዊው በሦስተኛው ላይ ለየብቻ ስለሚቀመጡ፣ ድምፃዊው አንድ ስንኝ ቢሳሳት ያንኑ ስንኝ ብቻ ደግሞ መቅዳት፣ ከበሮው ቢበረታም ሌላውን ሳይነኩ ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ሶፍትዌሮቹ ብዙ ናቸው። በጀርመን ሃምቡርግ የሚገኘው ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1989 ለአታሪ ኮምፒውተር ያወጣው ኪዩቤዝ፣ የቤልጂየሙ ኢሜጅ ላይን በ1997 ፍሩቲ ሉፕስ በሚል ስም ጀምሮት ዛሬ ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለው፣ ከማክ ኮምፒውተር ጋር በነጻ የሚገኘው ጋራዥባንድ፣ በመጠኑ ትንሽ በአቅሙ ግን ሰፊ የሆነው ሪፐር፣ እንዲሁም በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተጠንስሶ ለማንም በነጻ የሚሰጠው ኦዳሲቲ ይጠቀሳሉ። ከእነዚህ መካከል የቱ እንደሚበልጥ የሚደረገው ክርክር ማብቂያ ባይኖረውም፣ ጀማሪ ሊያውቀው የሚገባው ሁሉም በመሠረታዊው ሥራ የሚመሳሰሉ መሆናቸውን ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ቁልፋቸው የተሰበረ ቅጂዎች ግን ቫይረስ ይዘው የመምጣታቸው አደጋ ሳይቆጠር፣ ማሻሻያ ስለማይቀበሉ ኮምፒውተሩ በታደሰ ቁጥር መሰናክል ይሆናሉ። ነጻና ርካሽ አማራጭ በሞላበት በዚህ ዘመን ይህን አደጋ መሸከም ትርፍ የለውም።

ሶፍትዌሩን መጫን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ጊዜና ማስተዋል የሚጠይቀው ድምፅ ከአየር ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተሩ እስኪገባና ተመልሶ ወደ ጆሮ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ ማስተካከል ነው። ማይክሮፎን የአየርን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጣል፤ ኮምፒውተር ግን የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ስለሆነ፣ ሞገዱን በየቅጽበቱ እየለካ ወደ ቁጥር የሚለውጥለት መሣሪያ ያሻዋል። ይህን የሚሠራው ሳውንድ ካርድ በማንኛውም ኮምፒውተር ውስጥ ቢኖርም፣ የተሠራው ለስልክ ጥሪና ለፊልም ማዳመጫ በመሆኑ ለሙዚቃ ቀረጻ ደካማ ነው። በዚህ ምክንያት «ኦዲዮ ኢንተርፌስ» የሚባለውን፣ በዩኤስቢ ገመድ የሚሰካውንና የማይክሮፎንና የጊታር መሰኪያ ያለውን ትንሽ ሣጥን መግዛት የመጀመሪያው ተገቢ ወጪ ነው። ኮንደንሰር የሚባለው ማይክሮፎን 48 ቮልት ከዚሁ ሣጥን የሚፈልግ ሲሆን፣ በመድረክ ላይ የሚታየው ዳይናሚክ ማይክሮፎን ግን ያለዚህ ኃይል ይሠራል።

ሞገዱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚወስነው ቁጥር «ሳምፕል ሬት» ይባላል። የሰው ጆሮ የሚሰማው ከፍተኛ ንዝረት በሴኮንድ 20,000 ገደማ ስለሆነና አንድን ንዝረት በትክክል ለመያዝ ልኬቱ ከእጥፉ መብለጥ ስላለበት፣ ለሲዲ 44,100፣ ለቪዲዮ ደግሞ 48,000 ልኬት በሴኮንድ ተመርጧል። የእያንዳንዱን ልኬት ስፋት የሚገልጸው ቁጥር በሲዲ 16 ቢት ሲሆን፣ ለቀረጻ ግን 24 ቢት ይመረጣል። ከ48,000 በላይ ያሉት የሳምፕል ሬት ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 96,000፣ ዲስኩን በእጥፍ ከመሙላት በቀር በመኖሪያ ቤት ለሚሠራ ሙዚቃ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አይሰጡም። ይልቅስ አንዴ የተመረጠው ቁጥር በሶፍትዌሩም በኢንተርፌሱም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ ይበልጣል፤ በ44,100 የተቀዳ ድምፅ ሳይቀየር በ48,000 ቢጫወት ዘፈኑ ይፈጥናል፣ ቃናውም ወደ አንድ ተኩል ሰሚቶን ያህል ከፍ ይላል።

ጀማሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚያማርረው ግን መዘግየት ነው። ድምፃዊው በማዳመጫ የራሱን ድምፅ ሲሰማ ከአፉ ከወጣ በኋላ ዘግይቶ ይመጣበታል፣ ኪቦርድ የሚጫወተውም ቁልፉን ከተጫነ በኋላ ድምፁን ይጠብቃል። ምክንያቱ ኮምፒውተሩ ድምፁን ጠብታ በጠብታ ሳይሆን በጣሳ እየቀዳ የሚወስድ መሆኑ ነው። ጣሳው «በፈር» ይባላል፤ መጠኑም በልኬት ብዛት ይገለጻል። ጣሳው ትልቅ ሲሆን እስኪሞላ መጠበቅ ግድ ነው፤ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ኮምፒውተሩ ቶሎ ቶሎ መመላለስ ስላለበት ካልደረሰ ድምፁ ይንጣጣል፣ ይቆራረጣል። በ48,000 ሳምፕል ሬት የ256 በፈር 5.3 ሚሊሴኮንድ፣ የ1,024 በፈር ደግሞ 21.3 ሚሊሴኮንድ ይወስዳል። ድምፁ ሲገባም ሲወጣም በጣሳው ስለሚያልፍ ቁጥሩ ቢያንስ በእጥፍ ይታሰባል። ድምፅ በአየር ላይ በአንድ ሚሊሴኮንድ የሚጓዘው 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የ10 ሚሊሴኮንድ መዘግየት ከድምፅ ማጉያው ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ እንደመቆም ነው፤ ይህን ማንም ሙዚቀኛ ይችለዋል። ከ40 ሚሊሴኮንድ በላይ ሲሆን ግን ከአሥራ ሦስት ሜትር በላይ ርቆ ከባንዱ ጋር ለመዝፈን እንደመሞከር ስለሚሆን፣ ድምፃዊው ሳያውቀው ምቱን ወደ ኋላ ይጎትታል።

መፍትሔው በሁለት በኩል ይገኛል። አንደኛው ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩንና ሣጥኑን የሚያግባባው አነስተኛ ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ ላይ ተለምዶ የሚሠራው ድራይቨር ለሙዚቃ የዘገየ ስለሆነ፣ ስታይንበርግ በ1997 ያወጣው አሲዮ የተባለ ሥርዓት ተመራጭ ሆኗል። ኢንተርፌሱን የሠራው ድርጅት የራሱን የአሲዮ ድራይቨር ካቀረበ እርሱን መጫን፣ ኢንተርፌስ ለሌለው ደግሞ አሲዮ ፎር ኦል የተባለውን ነጻ ድራይቨር መጠቀም፣ ከዚያም በሶፍትዌሩ የኦዲዮ ማስተካከያ ገጽ ገብቶ መምረጥ ያስፈልጋል። ብዙዎች ድራይቨሩን ጭነው ይህን ምርጫ ሳያደርጉ «ኮምፒውተሬ ደካማ ነው» ይላሉ። በማክ ላይ ኮር ኦዲዮ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ ስለሆነ ይህ ጣጣ የለም። ሁለተኛው በፈሩን እንደ ሥራው መቀያየር ነው፤ በቀረጻ ጊዜ 128 ወይም 256፣ ቀረጻው አልቆ ማደባለቅ ሲጀመርና ፕለጊኖች ሲበዙ 1,024 ይደረጋል። ፕለጊን የሚባሉት በዋናው ሶፍትዌር ውስጥ የሚሰኩ ተጨማሪ መሣሪያዎችና ማጣሪያዎች ናቸው። በብዙ ኢንተርፌሶች ላይ ደግሞ ድምፃዊው ድምፁን ወደ ኮምፒውተሩ ከመግባቱ በፊት በቀጥታ የሚሰማበት ማብሪያ ስላለ፣ እርሱን መጠቀም የመዘግየቱን ነገር ከነጭራሹ ያስቀራል።

ኪቦርድ ለሚጫወት ሰው ማይክሮፎን አያስፈልገውም፤ ሚዲ ይበቃዋል። ሚዲ በ1983 ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች የሠሯቸው ሲንተሳይዘሮች በአሜሪካ በሕዝብ ፊት ተያይዘው የታዩበት የመግባቢያ ሥርዓት ሲሆን፣ የሚያስተላልፈው ድምፅ ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተነካ ብቻ ይናገራል። የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ነገሮች አሉ። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ምቱን አራት በአራት አድርጎ ይጠብቃል፤ የችክችካ ምት ግን በስድስት ስምንተኛ የሚጻፍ ስለሆነ፣ ይህ ሳይቀየር ኖታዎችን ወደ መስመር የሚስበው ትእዛዝ ቢሰጥ ምቱ ይሰበራል። ሁለተኛው የቅኝት ጉዳይ ነው። የድምፃዊን ቃና የሚያቃናው ፕለጊን ካልተነገረው በቀር አሥራ ሁለቱንም ሰሚቶኖች እንደ ትክክለኛ ማረፊያ ስለሚቆጥር፣ በአንቺሆዬ ቅኝት የሚዘፍንን ሰው ድምፅ ወደማይገባው ቃና ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ በፕለጊኑ ላይ ከአምስቱ የቅኝቱ ድምፆች በቀር ሌሎቹን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ከዶ ለሚነሣ አንቺሆዬ የሚቀሩት ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላትና ላ ናቸው። ያም ሆኖ የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በፒያኖ ልክ ስለማያሳርፍ፣ ማሲንቆን በዚህ ፕለጊን ማቃናት ለዛውን መግደል ነው።

የድምፁ መጠን በሶፍትዌሩ መለኪያ ላይ ሲበረታ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ ማድረግ ይበቃል፤ ዜሮን ያለፈ ድምፅ አናቱ ተቆርጦ ስለሚሻክር በኋላ አይጠገንም፣ ዝቅ ብሎ የተቀዳ ግን በ24 ቢት ያለችግር ከፍ ይላል። ቤቱ ባዶ ግድግዳ ካለው ከድምፃዊው ጀርባና ጎን ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ መስቀል ማስተጋባቱን ይቀንሳል። ክረምት ሲገባ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለመቅዳት የሚያስብ ሰው ግን ከሶፍትዌሩ ይልቅ ሰማዩን ማየት ይኖርበታል። ከማጉያው የማያቋርጥ እምምታ የሚሰማ ከሆነ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ነው፤ በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ በባትሪ መሞከር ጥፋቱን ቶሎ ያሳያል። በገና ሲቀዳ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በአሥሩ አውታሮችና በድጋፋቸው መካከል የሚገቡት እንዚራ የተባሉት የቆዳ ቁራጮች የበገናን ዝዝታ የሚፈጥሩ ናቸው፤ ለንግግር የተሠሩ የድምፅ ማጽጃ ፕለጊኖች ግን ይህን ዝዝታ እንደ ጉድፍ ቆጥረው ሊያጠፉት ስለሚችሉ፣ በበገና ትራክ ላይ ባይከፈቱ ይሻላል።

በመጨረሻ የሚታሰበው፣ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ግን የማስቀመጫ ጉዳይ ነው። በ48,000 እና በ24 ቢት የተቀዳ አንድ ነጠላ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ አሥር ትራክ ያለው የአምስት ደቂቃ ዘፈን ድግግሞሹ ሳይቆጠር ከ430 ሜጋባይት ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ዘፈን የራሱን ፎልደር ከቀረጻው በፊት መክፈት፣ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢም ሶፍትዌሩ በየጥቂት ደቂቃው በራሱ ሴቭ እንዲያደርግ ማዘዝ ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ሶፍትዌሮች የፕሮጀክት ፋይል የሚባለው ድምፁን በውስጡ አይዝም፤ ድምፆቹ በየት እንዳሉ የሚጠቁም አድራሻ ብቻ ነው። እርሱን ብቻ በፍላሽ ይዞ ወደ ሌላ ስቱዲዮ የሄደ ሰው የሚያገኘው ባዶ ትራኮችን ነው። ሙሉውን ፎልደር መያዝ፣ ሌላው ስቱዲዮ በሌላ ሶፍትዌር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ትራክ ከዘፈኑ መጀመሪያ አንሥቶ በዋቭ ፋይል ማውጣት ይበጃል፤ ዋቭን የማይከፍት የሙዚቃ ሶፍትዌር የለም ማለት ይቻላል።